ማን ያወርድሃል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ሙያዬ የጄኔሬተር ጥገና ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ። በቅርቡ አንድ ኤጀንት ጦርነት ባለበት አገር፣ ተራራ ላይ በሚገኝ ካምፕ የአንድ ዓመት ኮንትራት አቀረበልኝ። ደሞዙ አሁን ከማገኘው አምስት እጥፍ ነው። የአገሩን ስም ግን እስካሁን አልነገረኝም። «መጀመሪያ ዱባይ ትገባለህ፣ እዚያ ይነገርሃል» ይለኛል። ለማስፈጸሚያ ብሎ የሦስት ወር ደሞዜን የሚያህል ገንዘብ ጠይቆኛል። ተበድሬ ልከፍል አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን «ጥይት በሚዘንብበት ቦታ ምን ጥዶህ?» ብላ ተቆጥታለች። እኔ የምሠራው አጥር ውስጥ ነው። ጦርነቱም የኔ አይደለም። ደጋ ያደግሁ ስለሆነ ተራራና ብርድ አይበግረኝም። እርስዎ እንዲህ ዓይነት ቦታ እንደሠሩ አንድ ጊዜ ጽፈው ነበር። ልሂድ ወይስ ልተወው? ደግሞ አንድ ትንሽ ጥያቄ፦ ጫማ ከዚሁ ልግዛ ወይስ እዚያ ይሰጣሉ?

የጄኔሬተሩ ልጅ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «አምስት እጥፍ» የሚለው ላይ ነው። አልፈርድብህም። እኔም የሄድኩት ለገንዘብ ነበር። አፍጋኒስታን፣ የሂንዱ ኩሽ ተራሮች ሥር፣ አንድ ካምፕ መጋዘን ውስጥ ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ምክንያቱ እሱ ይሁን ዕድሜ እንጃ።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ይህን ሥራ፣ አሁን በቀረበልህ መልኩ፣ አትቀበል። ባለቤትህ የፈራችው ጥይቱን ነው። እኔ ከጥይቱ በፊት ኤጀንቱን ፈራሁልህ።

ካምፓችን ውስጥ አንድ ሸምገል ያለ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ማን ነው የሚያወርድህ?» እኔን ሲጠይቀኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ወደ ተራራው የሚያወጣህ ሰው ሞልቷል። ኤጀንቱም፣ ቀጣሪውም፣ አብራሪውም ሊያወጡህ ይጣደፋሉ። ብትታመምስ? ብትቆስልስ? ኮንትራትህ በመሃል ቢቋረጥ፣ ቤትህ ኀዘን ቢገባ፣ ጦርነቱ በአንድ ሳምንት ቢገለባበጥስ? ማን ያወርድሃል? በምን? በማን ወጪ? የት ወረቀት ላይ ተጽፏል? ደብዳቤህን ስጨርስ ጆሮዬ ላይ የመጣው የዚያ ሰውዬ ድምፅ ነው።

ከአገሩ ስም እንጀምር። የምትሠራበትን አገር የማይነግርህ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። በ2004 (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) 12 ኔፓላውያን ሠራተኞች ኢራቅ ውስጥ ታግተው ተገደሉ። ከመካከላቸው ከቤት ሲወጡ ዮርዳኖስ ሆቴል ውስጥ ትሠራላችሁ የተባሉ ነበሩ። የታገቱት ከዮርዳኖስ ወደ ኢራቅ በመኪና እየተጓዙ ሳለ ነው። ወጣቶች ነበሩ። ቤተሰባቸው ያለው የሰላም አገር ላይ እንዳሉ ነበር የሚያስበው።

«ዱባይ ትገባለህ፣ እዚያ ይነገርሃል» የሚለውን አካሄድ በደንብ እየው። አንተ ያኔ ከቤትህ ወጥተሃል። ብድር ተሸክመሃል። ቪዛህ የጎብኚ ነው፣ ቀኑ እየቆጠረ ነው። በዚያ ሰዓት የማትፈልገውን አገር ስም ቢጠሩልህ «እምቢ» የምትለው በምን አቅምህ ነው? ለሚልክህ ሰው ዕዳህ ከካቴና ይሻላል፤ ድምፅ የለውም፣ ቁልፉንም የያዝከው አንተ ይመስልሃል።

ገንዘቡም ያው ነው። በአሜሪካ መንግሥት ኮንትራት ላይ ለሚሠራ ሠራተኛ የቅጥር ክፍያ ማስከፈል ክልክል ነው። ፓስፖርት መያዝም፣ ስለ ሥራው ቦታና ሁኔታ አታልሎ መቅጠርም እንደዚሁ። ይህን የሚያጠብቅ ትእዛዝ ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2012 ፈርመዋል። ስለዚህ ኤጀንትህ «ሥራው የአሜሪካኖቹ ነው» ካለህ ገንዘቡን ሊጠይቅህ አይገባም። የሌላ መንግሥት ወይም የግል ኩባንያ ነው ካለህ ደግሞ የማን እንደሆነ በስሙ ይንገርህ። አንድ ፈተና ልስጥህ። «እከፍላለሁ፣ ግን የቀጣሪውን ኩባንያ ሙሉ ስምና የሥራውን ቦታ ጽፈህ ደረሰኝ ስጠኝ» በለውና ፊቱን እየው። ፊቱ ብዙ ይነግርሃል።

እንበልና ስሙን ነገረህ። ያኔ ሁለተኛው ነገር ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ሥራ እንደ ሽንኩርት ተደራራቢ ነው። ከላይ መንግሥት ወይም ጦር አለ። ከሥሩ ዋናው ኮንትራክተር። ከሱ ሥር ንዑስ ኮንትራክተር፣ ከዚያ ሥር ሌላ ንዑስ፣ ከታች ሰው አቅራቢ ድርጅት። አንተ የምትፈርመው አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ጋር ነው። ካምፑን የሚያስተዳድረው ግን የመጀመሪያው ነው። ነገር ሲበላሽ ሁለቱ አንተን እንደ ኳስ ይቀባበሉሃል።

ብዙ ሰው በዚህ መንገድ አልፏል። በ2012 መጀመሪያ አፍጋኒስታን ውስጥ ለአሜሪካ መከላከያ የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ከ117,000 በላይ ነበሩ። ከአሜሪካ ወታደሮች ቁጥር ይበልጡ ነበር። በሦስት ይመደባሉ፦ አሜሪካኖች፣ የአገሩ ሰዎች፣ የቀረነው ደግሞ «የሦስተኛ አገር ዜጎች»። ካምፕ ውስጥ «ቲሲኤን» ይሉናል። አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተን ደሞዛችን፣ ማደሪያችን፣ አንዳንዴ የምንመገብበት አዳራሽ ሳይቀር ይለያል። አንተም የምትሆነው ይህ ነው። ቶሎ ብታውቀው ይሻላል። እኔ ካወቅኩ በኋላ ሳምንት አኩርፌያለሁ፤ ማንም ግን አላየኝም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ። በ1941 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፣ ዲፌንስ ቤዝ አክት ይባላል። ከአሜሪካ ውጭ በአሜሪካ መንግሥት ኮንትራት የሚሠራ ኩባንያ ለሠራተኞቹ የጉዳት ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል። ዜግነት አይጠይቅም። ንዑስ ኮንትራክተር ዘንድ የሚሠራም ይሸፈናል። ሕክምናን ይከፍላል፣ ከሥራ ለሚያስቀር ጉዳት የሳምንት ደሞዝህን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይከፍላል፣ ሞት ሲመጣም ለቤተሰብ ይከፍላል። ጎደሎም አለው። ለውጭ ዜጋ የሞትንና የዘላቂ ጉዳትን ቀሪ ክፍያ በግማሽ አስልቶ በአንድ ጊዜ ሰጥቶ መዝጋትን ይፈቅዳል። ያናድዳል፣ ግን ከባዶ እጅ ይሻላል።

ይህን የምነግርህ በምክንያት ነው። አብሮኝ መጋዘን የሚሠራ ልጅ ከመደርደሪያ ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ቀጣሪያችን ሁለት ሳምንት አስተኝቶት «ኮንትራትህ አልቋል» ብሎ አሳፈረው። ኢንሹራንስ አለህ ያለው ሰው የለም። ነገሩን የሰማው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሕጉ ጉዳትን በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ የካሣ ጥያቄን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይላል። አንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም የዘገየ ሰው ክርክሩ ይከብደዋል። የሱ ወገብ እስካሁን ቀጥ አላለም።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት የኢንሹራንስ ኩባንያውን ስምና የፖሊሲውን ቁጥር ጠይቅ። ለባለቤትህ ስጣት። እሷ ካላወቀች፣ አንተ ደግሞ መናገር የማትችልበት ሁኔታ ላይ ከሆንክ፣ ማን ይጠይቃል? ሥራው የአሜሪካ ካልሆነ ደግሞ የየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛውና ማን ካሣ እንደሚከፍል በጽሑፍ ይሰጥህ። «አለ፣ አታስብ» የሚባል ኢንሹራንስ እንደሌለ ቁጠረው። የራስህ የሕይወት ኢንሹራንስ ካለህም ትንንሾቹን ፊደላት አንብብ። አብዛኛው የጦርነት ሞትን አይከፍልም። ከተወሰነ ከፍታ በላይ አልሸፍንም የሚልም አለ።

ወደ ተራራው እንውጣ።

«ደጋ ያደግሁ ነኝ» ብለሃል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው እያለ ነው። ቆላ ወርደህ ሳምንታት ከቆየህ ልማዱ ይጠፋል። ዱባይ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ወር ተቀምጠህ በአንድ ቀን 3,500 ሜትር ላይ ብትወጣ፣ እያንዳንዱ ትንፋሽህ የሚያስገባልህ ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ልጅነትህ አያድንህም።

ችግሩ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ይመጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መዝጋት። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር ይላሉ የተራራ ሐኪሞች። በየሦስት በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ዕረፍት። ነገር ግን አንተ ተራራ ወጪ ቱሪስት አይደለህም። ሄሊኮፕተሩ በ40 ደቂቃ ያወጣሃል። በማግስቱ ደግሞ የ12 ሰዓት ፈረቃ ይጠብቅሃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ቀላል ሥራ ስጡኝ በል። ነውር የለውም። አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ። ሐኪምህን ከመነሳትህ በፊት አማክር፤ ለሁሉም ሰው አይሆንም።

አንድ ሰው ሳይጠጣ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ወይም ቃል ከተምታታበት፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ አንጎሉ ወይም ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህ ይገድላል፣ በሰዓታት ውስጥም ሊገድል ይችላል። ኦክስጅንና መድኃኒት ጊዜ ይገዙልሃል። ዋናው ሕክምና መውረድ ነው። የሾፌሩን ጥያቄ አየኸው?

በ2009 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ አፍጋኒስታን ውስጥ የቆሰለ ወታደር በ60 ደቂቃ ውስጥ ሕክምና ቦታ እንዲደርስ አዘዙ። ሕይወት አድኗል። ያ ግን ስንት ሄሊኮፕተር፣ ስንት ሐኪም፣ ስንት ጦር ከኋላው ነበረው። የአንተ ሰው አቅራቢ ድርጅት ምን አለው? «ሄሊኮፕተር አለን» ቢሉህ እመን፣ ግን ጥያቄህን አታቁም። ተራራ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሄሊኮፕተር የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል። በሙቀት ጊዜ ይብስበታል። ደመና ሸለቆውን ከዘጋው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ሰማይ ታያለህ። እኛ ጋ አራት ቀን የተዘጋበት ጊዜ ነበር። የአንድ ምግብ አብሳይ ትርፍ አንጀት የታመመውም በዚያው ሰሞን ነው። በመኪና ወረደ፤ በበረዶ መንገድ፣ በሌሊት። ተረፈ። ሾፌሩ ያው ሽማግሌ ነበር።

አሁን የራሴን ጅልነት ልንገርህ፤ ለሙያህ ይጠቅማል። በመጀመሪያው ክረምት አራት ሆነን ኮንቴይነር ውስጥ እንተኛ ነበር። ብርዱ ሲያይልብን በሩንና መስኮቱን በፕላስቲክ አሸግነው ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ ለኮስን። ሌሊት ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ጠዋት አቅለሸለሸኝ። «ከፍታው ነው» አልን። ሁለተኛውም ሌሊት እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አንዱ ወጥቶ ሲጋራ አጨሰና «እኔ ውጭ ስሆን ይሻለኛል» አለ። ያኔ ነው የነቃነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ምልክቱ ከከፍታ ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ተራራ ላይ ሰው ይሸወዳል። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ከፍታውን ተወውና ማሞቂያውን ጠርጥር። ወይም መስኮት ሥር የቆመውን ጄኔሬተር። አንተ ደግሞ የጄኔሬተር ሰው ነህ። የጭሱ ቱቦ ወዴት እንደሚነፍስ መጀመሪያ የምታየው አንተ ሁን። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ይዘህ ሂድ። ከሻንጣህ ውስጥ ውዱ ዕቃ እሱ ይሁን።

ማሽኖቹም ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ይህን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ቱርቦ የሌለው ሞተር 3,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኪሎዋት አምነው ከጫኑበት የሚወቀሰው ጠጋኙ ነው። በብርድ ደግሞ ናፍጣው ውስጥ ያለው ሰም ይረጋና ፊልትሩን ይደፍናል። የክረምት ናፍጣ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ ጠይቅ። ይህ ጥያቄ ካምፑ ምን ያህል የተደራጀ እንደሆነም ያሳይሃል።

«የምሠራው አጥር ውስጥ ነው» ላልከው። አጥር ውስጥ ለመግባት መንገድ አለ፣ ለመውጣትም እንደዚሁ። በሰኔ 2016 ካቡል ውስጥ የካናዳ ኤምባሲን ይጠብቁ የነበሩ ኔፓላውያን ወደ ሥራ እየሄዱ ሳለ ሚኒባሳቸው ላይ አጥፍቶ ጠፊ ደረሰባቸው። ከ10 በላይ ሰው ሞተ። በር ላይ ጠመንጃ ይዘው የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ የሞቱት ግን ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ስለ መኝታህ አጥር ውፍረት ከመጠየቅህ በፊት በምን መኪና፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ቀን አንዴ እንደምትጓዝ ጠይቅ።

ተራራው ራሱም ለመግደል ጦርነት አያስፈልገውም። በየካቲት 2010 የሳላንግ መተላለፊያ ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ መንገዱን በኪሎሜትር ቀበረው። ከ150 በላይ ሰው ሞተ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ሳላንግ ካቡልን ከሰሜኑ የሚያገናኝ መንገድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ሶቭየቶች በ1964 ያስጨረሱት ዋሻ አለው። ብዙው የእኛ ዕቃ የሚመጣው በዚያ ነበር። እሱ ሲዘጋ መጋዘኑ ባዶ ይሆናል፣ እኔም ከየአቅጣጫው ስድብ እቀበላለሁ።

ፈንጂም አለ። አፍጋኒስታን ውስጥ ቀይ የተቀባ ድንጋይ ፈንጂ አለ፣ ነጭ ደግሞ ተጠርጓል ማለት ነው። ሌላ አገር ምልክቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በደረስክበት ቀን ጠይቅ። በረዶ ሲቀልጥና ዝናብ ሲዘንብ ፈንጂ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። አምና የተረገጠ ቦታ ዘንድሮ ላይረገጥ ይችላል። ሽንት ቢመጣብህ መንገዱ ላይ ሽና። እፍረት አይገድልም።

«ጦርነቱ የኔ አይደለም» ብለሃል። በሕግ በኩል ልክ ነህ። በውጊያ በቀጥታ እስካልተሳተፍክ ድረስ ሲቪል ነህ፣ ዒላማ ልትሆን አይገባም። በሁለት መንግሥታት ጦርነት ውስጥ ጦር ተከትለህ የምትሠራ ከሆነ፣ ፈቃድና መታወቂያ ካለህ፣ ብትያዝ የጦር እስረኛ መብት እንዲኖርህ የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ይደነግጋል። ዛሬ ያሉት ብዙዎቹ ጦርነቶች ግን የእርስ በርስ ናቸው፤ እዚያ ይህ ድንጋጌ አያገለግልህም። ከማዶ ሮኬት የሚተኩሰው ሰውም መታወቂያህን አያነብም። አንተ የምትጠግነው ጄኔሬተር ለጠላቱ ራዳር መብራት ይሰጣል፤ እሱ የሚያየው ይህን ነው።

ጠመንጃ «ለማንኛውም ያዝ» ቢሉህ አትያዝ። የወታደር ልብስ የሚመስል ነገር አትልበስ። ጠመንጃ ይዘህ ፎቶ አትነሳ፣ ለቀልድም ቢሆን። ስልክህ ደግሞ ያሳብቅብሃል። በ2018 መጀመሪያ ላይ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ባወጣው ካርታ ላይ፣ በጨለማ ምድር መሃል የጦር ካምፖች ቅርጽ ደምቆ ታየ። ሰዎቹ ያደረጉት ስልክና ሰዓታቸውን አስረው በአጥሩ ዙሪያ መሮጥ ብቻ ነበር።

አብረውህ ስለሚሠሩት የአገሩ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ። አንተ ትመለሳለህ፣ እነሱ ይቀራሉ። በየምሽቱ ከአጥሩ ወጥተው ወደ መንደራቸው የሚገቡት እነሱ ናቸው። ስማቸውንና ፎቷቸውን የትም አትለጥፍ። ደግሞ ወሬያቸውን አድምጥ። አንድ ቀን ጽዳት ሠራተኞቹ በሙሉ ሳይመጡ ከቀሩ፣ አንተም ከኮንክሪቱ ግድግዳ አትራቅ።

እንግዲህ ባለቤትህ። ልታሳምናት አትሞክር። ቁጭ በሉና የማይወራውን አውሩ። ብሞት አስከሬኔን ማን ያመጣዋል፣ ልጅቷን ማን ያሳድጋል፣ ባንክ ያለው ገንዘብ እንዴት ይወጣል። ውክልናና ኑዛዜ ጻፍ። የኮንትራቱ ኮፒ፣ የፓስፖርቱ ኮፒ፣ የኢንሹራንሱ ቁጥር፣ የዋናው ኮንትራክተር ስልክ እሷ ዘንድ ይሁን። ሌላም ነገር ንገራት። ካምፕ ላይ አደጋ ሲደርስ ኢንተርኔትና ስልክ ይዘጋሉ፤ የሟች ቤተሰብ ከአለቆቹ በፊት ከፌስቡክ እንዳይሰማ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን ብትጠፋ ሞተሃል ማለት እንዳልሆነ ቀድማ ትወቅ። የኔ ባለቤት ይህን አልነገርኳትም ነበር። ያንን ሁለት ቀን እስካሁን ታነሳብኛለች። እውነቷን ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከመሄድህ በፊት ቁጥር ቁረጥ። ይህን ያህል ሲሞላ እመለሳለሁ በል፣ ለባለቤትህም ንገራት። «አንድ ዓመት ብቻ ልጨምር» እያለ ስድስት ዓመት የቆየ ሰው አውቃለሁ። ልጁ በስልክ ነው ያደገችው።

መውጫው ደግሞ እንደሚታሰበው አይደለም። በ2021 የአሜሪካ ጦር ከአፍጋኒስታን ሲወጣ ኮንትራክተሮቹም ወጡ፤ ነሐሴ 15 ካቡል በታሊባን እጅ ገባች። በዚያ ሰሞን ከአፍጋኒስታን ወጥተው በኮሮና ምክንያት በረራ ተዘግቶባቸው ዱባይ ሆቴል ውስጥ የከረሙ የውጭ ሠራተኞች ነበሩ። ደሞዝ ይቀጥላል ወይስ ቆሟል? ሆቴሉን ማን ይከፍላል? ይህ ኮንትራትህ ላይ አንድ አንቀጽ ይፈልጋል። «ቀጣሪው ሠራተኛውን እስከ ቤቱ ድረስ በራሱ ወጪ ይመልሳል» የሚል፣ ኮንትራቱ በማንኛውም ምክንያት ቢያልቅም። «በማንኛውም ምክንያት» የሚለው ቃል ከሌለ አትፈርም።

ለኤጀንቱ ዛሬ ማታ በኢሜይል ጻፍለት፤ በስልክ አትጠይቀው። የአገሩ ስም፣ የካምፑ ከፍታ፣ የዋናው ኮንትራክተር ስም፣ የኢንሹራንስ ኩባንያው፣ ብታመም በስንት ሰዓት የትኛው ሆስፒታል እንደምትደርስ። ብድሩንም ለጊዜው ተወው። ሳምንት ጠብቅ። ካልመለሰልህ መልሱ መጥቷል። በትክክል ከመለሰልህ ደግሞ የኮንትራቱን ገጾች ስምህን ሸፍነህ ላክልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። ሙያህ ጥሩ ሙያ ነው፤ ያለ ኤጀንት በቀጥታ የሚቀጥሩ ኩባንያዎችም በየድረ ገጻቸው የጄኔሬተር ሰው ይፈልጋሉ።

ጫማውን ረሳሁት። ከዚሁ ግዛ። እዚያ የሚሰጡህ ካለም ቁጥርህ አይኖርም፤ እኔ ሁለት ቁጥር የሚበልጠኝን ደርሶኝ ክረምቱን በጋዜጣ ሞልቼ ነው ያለፍኩት። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ውኃ የማያስገባ ይሁን። በወፍራም ካልሲ ለካው፣ ከሰዓት በኋላ እግርህ ሲያብጥ። ከዚያ አሁን ወደምትሠራበት ቦታ ይዘኸው ግባና ቢያንስ ለሦስት ሳምንት እያደረግክ አላምደው።